ሶፍትዌር ታይመር፣ የራስ ታስክ ወይስ ሃርድዌር ታይመር? ፍሪአርቶስ ላይ ታይመር ሲያስቸግር የቱ ይሻላል

«ታይመሬ አልሠራ አለኝ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ኮዱ አይደለም። ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። ሥራው በስንት ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ችግር የለውም? ጊዜው ሲደርስ የሚጠራው ፈንክሽን፣ ማለትም ኮልባኩ፣ ውስጡ ምን ይሠራል? የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ይለያል። ወይ ሶፍትዌር ታይመሩ ትክክለኛ ምርጫ ነው፣ አንድ ሴቲንግ ብቻ ተበላሽቷል። ወይ ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያውም የሶፍትዌር ታይመር ሥራ አልነበረም፤ የፈለገውን ያህል ቢጠጋገን አይስተካከልም።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ ፍሪአርቶስ ነው፤ ትንንሽ ቺፖች ላይ ሥራን ታስክ በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎ ተራ በተራ የሚያስኬድ ሲስተም ነው፣ ኤስቲኤም32 እና ኢኤስፒ32 በሚባሉት ቺፖች ላይም አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ዜፈር በሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ሲስተም ላይ ነገሩ የሚለይበትን ቦታ ወደ መጨረሻው እነካዋለሁ።

ሶፍትዌር ታይመር ከጀርባው ምን አለ

ሶፍትዌር ታይመር ፍሪአርቶስ ውስጥ የገባው በ7.0.0 ቅጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስሙ ታይመር ቢሆንም ቺፑ ውስጥ ካለው የታይመር ሃርድዌር ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የሚቆጥረው የከርነሉን፣ ማለትም የፍሪአርቶስን እምብርት፣ ቲክ ነው፤ ቲክ በእኩል ጊዜ የሚደጋገም የሰዓት ምት ነው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ስኬጁለሩ፣ ማለትም ለታስኮች ተራ የሚሰጠው ክፍል፣ ሲነሳ ከርነሉ ራሱ የሚፈጥረው አንድ ታስክ ነው፤ ዲበገር ላይ «ቲኤምአር ኤስቪሲ» በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ታይመር ስታርት፣ ስቶፕ፣ ሪሴት ወይም ቼንጅ ፒሪየድ ብላችሁ ስትጠሩ ታይመሩ ያን ጊዜ አይነሳም፣ አይቆምምም። ትዕዛዙ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ያ አንድ ታስክ ተራው ሲደርሰው ወረፋውን ያነባል፣ ትዕዛዙን ይፈጽማል፣ ጊዜያቸው የደረሰውን ኮልባኮችም አንድ በአንድ ይጠራል። አንድ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ያለበት መስኮት ማለት ነው፤ ከፊት ያለው ሰው ከቆየ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ይህ አሠራር ከገባችሁ ከታች ያለው ችግር ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ መሆኑን ታያላችሁ።

ጥቅሙም ከዚሁ ይመጣል። ሃያ ታይመር ብትፈጥሩ ሃያውም የአንዱን ታስክ ስታክ፣ ማለትም ጊዜያዊ የሥራ ሚሞሪ፣ ይጋራሉ። አንድ ታይመር ሚሞሪ ላይ የሚይዘው ጥቂት አስር ባይት ነው። ሃያ ታስክ ብትፈጥሩ ግን እያንዳንዱ የራሱን ስታክ ይፈልጋል፤ 20 ኪሎባይት ራም ባለው ቺፕ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ሶፍትዌር ታይመርን ለየትኛው ሥራ እንምረጠው? የቁልፍ መንቀጥቀጥ ለማጣራት፣ ስክሪን ሳይነካ ሲቆይ መብራቱን ለማጥፋት፣ ሞደሙ መልስ ካልሰጠ «ጊዜው አልፏል» ለማለት፣ ኤልኢዲ ለማብለጭለጭ። ሁሉም ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢዘገዩ ማንም የማይጎዳባቸው፣ ሲደርሱም ቶሎ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። በተለይ በሪሴት የሚራዘም የቆይታ ገደብ ለእሱ የተፈጠረ ነው፤ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሪሴት ትሉታላችሁ፣ ካልተነካ ይደርሳል፣ አለቀ።

ሲዘገይ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የታይመር ታስኩ ቅድሚያ ነው፤ ፕራዮሪቲ የምንለው። ብዙ ሰው የራሱን ታስኮች ፕራዮሪቲ እየመረጠ ይሰጥና የታይመር ታስኩን ግን ይረሳዋል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ አልፈጠረውም። የኤስቲኤም32 ኮድ አመንጪ የሆነው ኪዩብኤምኤክስ፣ ሲኤምሲስ የሚባለውን የፈንክሽን መጥሪያ ቅጂ 2 መርጣችሁ ኮድ ሲያመነጭላችሁ ዲፎልቱን ተመልከቱት። የታይመር ታስኩ ፕራዮሪቲ 2 ነው። «ኖርማል» የሚባለው ታስክ ደግሞ 24 ነው! ከፍሪአርቶስ አንጻር ቁጥሩ ሲበልጥ ቅድሚያው ይበልጣል። እንግዲህ ኖርማል የተባለ ማንኛውም ታስክ ረጅም ስሌት ከያዘ ታይመሮቻችሁ ቆመው ይጠብቃሉ። ያ ታስክ ዲሌይም ሆነ ሌላ መጠበቂያ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነማ ታይመሩ ጭራሽ አይደርስም። የኢኤስፒ32 ዋና የኮድ መሥሪያ በሆነው ኢኤስፒ አይዲኤፍ ላይም ዲፎልቱ 1 ነው፤ ፕሮግራማችሁ ከሚጀምርበት ከአፕ ሜይን ጋር እኩል።

መፍትሔው ፕራዮሪቲውን ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ጣሪያ ያወጣዋል፣ እኔም በብዛት የምመክረው ይህንኑ ነው፣ ግን ዋጋ አለው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኮልባክ ሌላውን ታስክ ሁሉ አቋርጦ ስለሚገባ፣ ኮልባክ ውስጥ የምታባክኑት እያንዳንዱ ማይክሮሰከንድ ከሌላው ሥራ ላይ ይቀነሳል። ኮልባካችሁ አጭር ካልሆነ ፕራዮሪቲውን ከፍ ማድረግ ችግሩን ወደ ሌላ ታስክ ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሌላ ኮልባክ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ውሰዱ። በ12 ቢት ሲለካ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። አንድ ሰው ኮልባክ ውስጥ «ለካ» ብሎ ያዘዋል፣ 750 ሚሊሰከንድ ዲሌይ ያደርጋል፣ ከዚያ ያነባል። ሴንሰሩ በደንብ ይሠራል። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው፤ ቁልፉ አይሰማም፣ ኤልኢዲው ይንተፋተፋል፣ ሰውየውም የቁልፉን ኮድ ይመረምራል፣ ጥፋቱ ግን እዚያ የለም። በዚያ ላይ በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም ታይመር ካለ ከርነሉ ያለፉትን ዙሮች አይጥላቸውም፤ ታስኩ ሲፈታ ሰባቱንም በተከታታይ ይጠራቸዋል። «ታይመሬ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይልና በአንዴ ብዙ ጊዜ ይጮኻል» የሚባል ምልክት ካያችሁ ፈልጉት፣ የሆነ ኮልባክ ውስጥ የሚጠብቅ ነገር አለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ኮልባክ ውስጥ መጠበቅ የለም። ዲሌይ የለም፣ ሚውቴክስ (የጋራ ነገር መቆለፊያ) ይዞ መቆም የለም፣ ወደ ወረፋ ስትልኩም የመጠበቂያ ጊዜው ዜሮ ይሁን። የሙቀት መለኪያውን በሁለት ታይመር ክፈሉት፤ አንዱ «ለካ» ብሎ ይወጣል፣ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ ታይመር ከ750 ሚሊሰከንድ በኋላ ወይም ትንሽ ቆይቶ ያነባል። ወይም ለራሱ ታስክ ስጡት፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጭራሽ ሳይነሳ ሲቀር

ታይመር ስታርት መልስ ይመልሳል። አብዛኛው ኮድ ግን አያየውም። ወረፋው ሞልቶ ከሆነ «ፌይል» ይመልስላችኋል፣ ታይመሩ አይነሳም፣ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የወረፋው ርዝመት 5 ሆኖ ስኬጁለሩ ከመነሳቱ በፊት ስምንት ታይመር ብትጀምሩ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይወድቃሉ፤ ወረፋውን የሚያነበው ታስክ ገና አልተነሳምና፣ የሰጣችሁት የመጠበቂያ ጊዜም ያኔ አይቆጠርም። ይህን የሚያክል ቀላል ነገር ብዙ ሰዓት ሲበላ አይቻለሁ፣ ስለዚህ መልሱን በአሰርት፣ ማለትም ስህተት ሲያይ ፕሮግራሙን እዚያው በሚያቆም ፍተሻ፣ ፈትሹት።

ወረፋውን የሚሞላው ሁልጊዜ ታይመር ብቻም አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከኢንተረፕት (ሃርድዌሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ከሚያስጠራው ኮድ) ውስጥ የኢቬንት ግሩፕ ቢት፣ ማለትም ለታስኮች «ይህ ሆኗል» የሚል ምልክት፣ ስታበሩ ሥራው የሚተላለፈው በዚሁ የታይመር ታስክ ወረፋ በኩል ነው። ፔንድ ፈንክሽን ኮል የሚባለውም እንዲሁ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ኢንተረፕት ካላችሁና በየጊዜው ቢት የሚያበራ ከሆነ፣ ከታይመር ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ኮድ የታይመራችሁን ትዕዛዝ ቦታ ያሳጣዋል። የወረፋውን ርዝመት መጨመር ይረዳል። ኢንተረፕቱ አንድ ታስክ ብቻ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን በታስክ ኖቲፊኬሽን መተካት ይበልጣል፤ እሱ በዚህ ወረፋ አያልፍም፣ ፈጣንም ነው።

ኮልባክ ውስጥ ሆናችሁ ሌላ ታይመር ስትጀምሩም ተጠንቀቁ። የመጠበቂያ ጊዜውን «እስከፈለገ ድረስ» ካላችሁትና ወረፋው ሞልቶ ከተገኘ፣ ታስኩ ራሱ ባዶ ማድረግ ያለበትን ወረፋ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል ማለት ነው። ከዚያ አይወጣም።

ከኢንተረፕት ውስጥ የምትጠሩ ከሆነ «ፍሮም አይኤስአር» የሚል ጅራት ያለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። እንደ ኤስቲኤም32 ባሉ ቺፖች ውስጥ ባለው ኮርቴክስ ኤም ፕሮሰሰር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እዚያ የኢንተረፕት ቁጥር ሲያንስ ቅድሚያው ይበልጣል፣ ከታስክ ፕራዮሪቲ በተቃራኒው። ኪዩብኤምኤክስ በሚሰጠው ሴቲንግ ገደቡ 5 ነው፣ ስለዚህ ከ0 እስከ 4 ያሉት ኢንተረፕቶች የከርነሉን ፈንክሽን መጥራት አይፈቀድላቸውም። ቅድሚያውን ማንም ካላስቀመጠለት ደግሞ ኢንተረፕቱ ቺፑ ሲነሳ ባለው 0 ላይ ይቀራል። አሰርት ካልበራ ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ ሠርቶ አንድ ቀን ሃርድ ፎልት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ መቀጠል የማይችልበት ስህተት፣ ውስጥ ይገባል።

ስታክም አለ። ኮልባክ ውስጥ ፕሪንትኤፍ የጻፈ ሰው፣ በተለይ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር የሚያትም ከሆነ፣ የታይመር ታስኩን ስታክ በቀላሉ ያጥለቀልቃል። የስታክ ፍተሻውን ደረጃ 2 ላይ አብሩት። ስታኩን ስታሳድጉ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መደበኛው ፍሪአርቶስ በዎርድ ነው የሚቆጥረው፣ ባለ 32 ቢት ቺፕ ላይ 256 ማለት 1024 ባይት ነው፣ ኢኤስፒ አይዲኤፍ ግን በባይት ይቆጥራል። ኮድ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወስዱ ቁጥሩን እንዳለ አትቅዱ።

ቁጥሩ ራሱ ሲሳሳት

ኢኤስፒ አይዲኤፍ ላይ የቲኩ ዲፎልት 100 ሄርዝ ነው። አንድ ቲክ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ሚሊሰከንድን ወደ ቲክ የሚቀይረው ማክሮ ሽራፊውን ስለሚቆርጥ 25 ሚሊሰከንድ ብላችሁ የጻፋችሁት 2 ቲክ፣ ማለትም 20 ሚሊሰከንድ ይሆናል። 5 ሚሊሰከንድ ደግሞ ዜሮ ይሆናል፣ ታይመር ክሬት ዜሮን ስለማይቀበል አሰርት ላይ ይወድቃል። አርዱዊኖ ላይ ለኢኤስፒ32 የተዘጋጀው 1000 ሄርዝ ስለሆነ፣ እዚያ የሠራ ኮድ ወደ አይዲኤፍ ሲሄድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በረጅም ጊዜ ላይ ያለው ነው። ቆየት ባሉ ቅጂዎች ማክሮው መጀመሪያ ያባዛል፣ ከዚያ ለ1000 ያካፍላል፤ ይህን ሁሉ በ32 ቢት። በ1000 ሄርዝ ከ71 ደቂቃ ከግማሽ በላይ ከሆነ ብዜቱ ከ32 ቢት ይፈስሳል። የሁለት ሰዓት የውሃ ፓምፕ ታይመር ጻፉ እንበል፣ 7,200,000 ሚሊሰከንድ። የሚወጣው 2,905,032 ቲክ ነው፣ ወደ 48 ደቂቃ። ስህተት ብሎ የሚናገር ነገር የለም፤ ፓምፑ ዝም ብሎ ቀድሞ ይጠፋል። አዲሶቹ ቅጂዎች በ64 ቢት ስለሚያሰሉ ይህ የለባቸውም። በቆዩት ላይ ከሆናችሁ የአንድ ደቂቃ ታይመር አድርጋችሁ ኮልባክ ውስጥ 120 ድረስ ቁጠሩ። ቲኩ 16 ቢት የሆነባቸው ትንንሽ ቺፖች ላይማ ጣሪያው 65,535 ቲክ ነው፣ በ1000 ሄርዝ ከ66 ሰከንድ አይሞላም።

ሌላው፣ የአንድ ቲክ ያህል ልዩነት ሁልጊዜ ይኖራል። ታይመሩን የጀመራችሁት በሁለት ቲክ መካከል ስለሆነ 10 ቲክ ያላችሁት ከ9 እስከ 10 መካከል የትም ሊደርስ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ምርጫው ላይ ነው መመለስ ያለባችሁ።

የራስ ታስክ መቼ ይሻላል

ሥራው የሚጠብቅ ከሆነ። አይቱሲ ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር የሚያነብ፣ ፍላሽ ላይ የሚጽፍ፣ ኔትወርክ የሚያናግር ማንኛውም ነገር ታይመር ኮልባክ ውስጥ ቦታ የለውም። ታስኩ የራሱ ስታክ አለው፣ የራሱ ፕራዮሪቲ አለው፣ ቢቆም የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ለራሙ ስትሉ ካልሆነ በቀር እኔ ለተደጋጋሚ ሴንሰር ንባብ ሁሌም ታስክን እመርጣለሁ።

ግን ታስኩን በተራ ዲሌይ አታዙሩት። ዲሌይ የሚቆጥረው ከተጠራበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ሥራው 3 ሚሊሰከንድ ፈጅቶ 100 ሚሊሰከንድ ዲሌይ ካደረጋችሁ ዙሩ 103 ይሆናል፣ በሰዓት ውስጥ ከሺህ በላይ ንባብ ይጎድላችኋል። ዲሌይ አንቲል የሚባለው ካለፈው መነሻ ስለሚቆጥር አይንሸራተትም። በአዳዲሶቹ ቅጂዎች ያለው መልስ የሚመልሰው ዓይነት ደግሞ «ሳልተኛ አለፍኩ» ብሎ ይነግራችኋል፣ ማለትም ሥራው ከዙሩ በልጧል። ይህን የሚነግራችሁ ሶፍትዌር ታይመር የለም።

ሃርድዌር ታይመር

የምትፈልጉት በማይክሮሰከንድ ከሆነ ክርክር የለም። ኤችሲኤስአር04 የሚባለው የርቀት ሴንሰር ለአንድ ሴንቲሜትር ወደ 58 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው የሚመልሰው፤ የአንድ ሚሊሰከንድ ስህተት 17 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሰርቮ ሞተርም የሚታዘዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ ባለ ምት ስፋት ነው። እነዚህን በቲክ መሥራት አይቻልም። ሰርቮውን ምት ለሚያመነጨው ፒደብልዩኤም ስጡት፣ ርቀቱን የምት ርዝመት ለሚለካው ኢንፑት ካፕቸር፤ ሲፒዩው ሌላ ሥራ ላይ ቢሆንም ሃርድዌሩ ራሱ ይቆጥራል።

ጉዳቱ ቁጥራቸው ውስን መሆኑና ኮዱ ከቺፑ ጋር መጣበቁ ነው። ኮልባኩም ኢንተረፕት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከላይ ያልነው የፍሮም አይኤስአር ሕግ ሁሉ ይመለከተዋል። ኤስቲኤም32 ላይ ቲኩን የሚሰጠውን ሲስቲክ የሚባል ታይመር ለፍሪአርቶስ ስለምትተዉ የኤችኤኤል፣ ማለትም የአምራቹ ላይብረሪ፣ ጊዜ ቆጣሪውን ወደ ሌላ ታይመር፣ ለምሳሌ ቲአይኤም6፣ ማዛወራችሁን አረጋግጡ። አንዱንም ታይመር እዚያ አጣችሁ ማለት ነው፣ ስትመድቡ ቁጠሩት።

ኢኤስፒ32 ላይ ግን መሃል ቤት የሚውል ሌላ አማራጭ አለ፣ ኢኤስፒ ታይመር። በማይክሮሰከንድ ይቆጥራል፣ ቆጣሪው 64 ቢት ስለሆነ ከላይ ያየነው የመፍሰስ ችግር የለበትም፣ ታስኩም በፕራዮሪቲ 22 ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚደርስ ወደ 20፣ ለተደጋጋሚ ወደ 50 ማይክሮሰከንድ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ከሆናችሁና ኮዱን ሌላ ቺፕ ላይ የማትወስዱት ከሆነ፣ ከፍሪአርቶሱ ታይመር ይልቅ እሱን ያዙ። ኮልባክ ውስጥ መጠበቅ ግን እዚህም የተከለከለ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም የሲስተሙ ሌሎች ክፍሎችም በዚሁ ታስክ ይጠቀማሉ።

ከፍሪአርቶስ ወደ ዜፈር የምትሻገሩ ደግሞ ይህን ያዙ፤ ዜፈር ላይ የኬ ታይመር ኮልባክ የሚጠራው ታስክ ውስጥ ሳይሆን ኢንተረፕት ውስጥ ነው። ፍሪአርቶስ ላይ የሠራላችሁን ኮልባክ እንዳለ ወስዳችሁ ሚውቴክስ ብትይዙበት ይወድቃል። ለዚያ የሚመጥነው ዲሌየብል ወርክ የሚባለው ነው፤ እሱ በወርክ ኪው ትሬድ ላይ ስለሚሠራ ባሕርዩ ለለመዳችሁት ይቀርባል።

ከመቀየር በፊት ለኩ

ታይመሩን ከመቀየራችሁ በፊት ኮልባኩ መግቢያ ላይ አንድ ፒን ከፍ፣ መውጫው ላይ ዝቅ አድርጉና ሎጂክ አናላይዘር ላይ እዩት። ርካሾቹም ለዚህ ይበቃሉ። ምቶቹ በእኩል ርቀት ተቀምጠው ርቀቱ ግን ከጠበቃችሁት የተለየ ከሆነ ችግሩ የቲክ ስሌት ነው። ርቀቱ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ፕራዮሪቲ ነው። ክፍተት ሆኖ ከዚያ ተደርድረው ከመጡ ሌላ ኮልባክ አፍኗቸዋል። ምቱ ራሱ ሰፊ ከሆነ የራሳችሁ ኮልባክ ከብዷል፣ ወደ ታስክ አውጡት። ምንም ምት ከሌለ የታይመር ስታርትን መልስ እዩ፣ ከዚያ ታይመር አክቲቭ መሆኑን በሚጠይቀው ፈንክሽን አረጋግጡ፤ ስታርቱ ተሳክቶ አክቲቭ ካልሆነ፣ ወይም አክቲቭ ነው እያለ ጊዜው አልፎ ካልደረሰ፣ ታስኩ ሲፒዩ አላገኘም። በፕሪንት ለመለካት አትሞክሩ። በ115200 ቦድ አንድ ፊደል ለመላክ ወደ 87 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፣ ሠላሳ ፊደል ያለው መስመር ከ2.5 ሚሊሰከንድ ይበልጣል፣ የምታዩት መዘግየት የፕሪንቱ ይሁን የታይመሩ መለየት ያቅታችኋል።